በቤዝቦል እልል ያልኩበት ጠዋት

ቤዝቦል የሚባለውን ጨዋታ በዕድሜዬ ያየሁት አንድ ጠዋት ብቻ ነው፤ እሱም እስከ ዛሬ አልገባኝም። ሊያስረዱኝ የሞከሩ አሉ። መሃል ላይ ሲደርሱ እነሱም ይናደዳሉ፣ እኔም እናደዳለሁ፣ ሳንግባባ እንለያያለን። ለጨዋታ ነገር ሰነፍ ነኝ፣ አልክድም። ግን በዚያ ጠዋት የተያዘው የወንድሜ መሄድና መቅረት ነበር፣ እንዴት ብዬ ልተወው?

ሶዶ መናኸሪያው አጠገብ የልብስ ስፌት ቤት አለችኝ። አንድ በር፣ ሁለት የስፌት መኪና፣ አንድ መስታወት፣ ሌላ ነገር የላትም። እናታችን በትውልድ ቀያችን በገሱባ ካረፈች ጀምሮ ታናሽ ወንድሜን ያሳደግኩት በዚህች ቤት ነው። ተምሮ፣ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ፣ ጋውን ለብሶ ተመረቀልኝ። ከዚያ በኋላ ግን ሦስት ዓመት ሙሉ ሥራ የለም። ማስታወቂያ ባየ ቁጥር ያመለክታል፣ ይፈተናል፣ ይመለሳል። ሲመለስ መጥቶ አጠገቤ ቁጭ ይልና ዩኒፎርም ላይ ቁልፍ ይተክልልኛል። ያን ሁሉ ተምሮ ቁልፍ ሲተክል ሳየው ሆዴ ይባባል፣ ሆዴ ሲባባ ደግሞ እጮህበታለሁ። «ጠመመ'ኮ! ዓይንህ የት ነው ያለው?» እለዋለሁ። አልጠመመም። ጠባዬ ነው።

ሐምሌ ላይ፣ ዝናቡ የመናኸሪያውን ግቢ አጨቅይቶ እግር ማስቀመጫ ባሳጣን ሰሞን፣ አንድ ቀን መርፌውን አስቀመጠና «ታ ሚቼ» አለኝ። በቤታችን ቋንቋ እህቴ ማለቱ ነው። ታ ሚቼ ካለኝ የሆነ ነገር ሊለምነኝ ነው፣ አውቀዋለሁ።

«በዚህ ሳምንት የምጠብቀው ነገር አለ። ከተሳካ አንቺም ታርፊያለሽ፣ እኔም አርፋለሁ።»

«ሥራ ነው?»

«አትጠይቂኝ። ብቻ ጸልዪልኝ።»

እንግዲህ ለእኔ ጸልዪልኝ ማለት ለሰፈሩ ሴቶች ሁሉ ጸልዩልኝ ማለት ነው። ረቡዕ ረቡዕ የሴቶች ጸሎት አለን። ሁሉም የጸሎት ርዕሷን ታቀርባለች፤ ልጄ ታሟል የምትል አለች፣ ባሌ አኩርፏል የምትል አለች። የማይነገር ከሆነ «በጌታ ዘንድ የታወቀ ርዕስ አለኝ» ብሎ መቀመጥ ይቻላል። ከዚያ ወዲያ ማንም አይጠይቅም፤ መጠየቅ ነውር ነው። እኔም ተነስቼ የወንድሜን ነገር እንደዚያው ብዬ አቀረብኩ። ሴቶቹ ደግሞ የሰው ጉዳይ ሲሆን ቀልድ አያውቁም። ለእሱ ብለው ምሳቸውን ጾሙ። ተንበርክከው «ሳምንቱ ሳያልፍ በሩ ይከፈት! ይከፈት!» እያሉ ጮሁ፤ አንዷማ እንባዋ ነጠላዋን አራሰው። የትኛው በር እንደሚከፈት ግን እኔን ጨምሮ አንዳችንም አናውቅም ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ቤቴን ልከፍት ስመጣ ሐጂ ቀድመውኝ የሱቃቸውን በር እየገፉ አገኘኋቸው። ሐጂ ጎረቤቴ ናቸው፤ አባታቸው ከስልጤ መጥተው ሶዶ የቀሩ ሰው ናቸው፤ እሳቸው እዚሁ ተወልደው፣ እዚሁ በጅምላ ንግድ ያረጁ ናቸው። ወላይትኛውን ከእኔ አሳምረው ይናገራሉ። እጃቸውን ከበሩ ሳያነሱ ዞር አሉና፦

«አንቺ፣ ይሄን ልጅ እንዴት ጨክነሽ ለቀቅሽው?» አሉኝ።

«ማንን?»

«ወንድምሽን ነዋ! ጆሃንስበርግ ያለውን የወንድሜን ልጅ ስልክ ተቀበለኝ'ኮ። ደላላው ማነው፣ ድንበር ላይ ማን ይቀበላል እያለ ሲጠይቀኝ አንቺ ያወቅሽ መስሎኝ ሰጠሁት። ኋላ ግን፣ ለደላላው የሚከፈለውስ አልኩት። ቅዳሜ ጠዋት ይለይለታል፣ ቲኬት ቆርጫለሁ አለኝ።»

«የምን ቲኬት? የአውሮፕላን?»

«ምን አውሮፕላን ታወሪያለሽ፣ የውርርድ ነው እንጂ! ወላሂ ቁማር መሆኑን ቀድሞ ቢነግረኝ ስልኩን ባልሰጠሁት ነበር።»

እኛ አገር ደቡብ አፍሪካ ሲባል የሚያስረዳ ሰው አያስፈልግም። የቀናው አለ፤ ሁምቦ መንገድ ላይ ቆርቆሮው ከሩቅ የሚያብለጨልጭ ቤት ካየህ፣ ያ ቤት የቀናው ልጅ የላከው ነው። ያልቀናውም አለ። ከሃላሌ እየመጣች ገበያ ቅቤ የምትሸጥ አንዲት ደንበኛ አለችኝ፤ ልጇ በዚያ መንገድ ከሄደ በኋላ ድምፁ ጠፋ። ቅቤ ስትመዝን እንኳ ስልኳን ከእጇ አታስቀምጥም። በአንድ እጇ ነው የምትመዝነው።

ለካ ያ ሁሉ ጾም፣ ያ ሁሉ «ይከፈት» ለዚህ ኖሯል! ደሜ ፈላ። ቤቴን እንኳ ሳልከፍት፣ ከቦርሳዬ መቀሱን መቼ እንዳወጣሁት ሳላውቅ፣ ጭቃውን እየረገጥኩ ወደ ውርርድ ቤቱ ሄድኩ።

ውርርድ ቤቱ ከመናኸሪያው ማዶ ካለው ፎቅ ስር ነው። በዚያ ሰዓት ሰው ይኖራል ብዬ አላሰብኩም፤ ግጥም ብሏል። አንዲት ሴት የለችም። ስገባ ሁሉም ዞረው መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ መቀሱን አዩ። ወንድሜ ፊት ወንበር ላይ አንገቱን ወደ ስክሪኑ አስግጎ ተቀምጧል።

«አንተ ዓይነ ደረቅ! ተነስ!» አልኩት።

ዞር ሲል ፊቱ ጨው መስሏል። አልደነገጠም፣ አልዋሸኝም። ሰሞኑን እንቅልፍ እንዳልወሰደው ያን ጊዜ ነው ያየሁት።

«ታ ሚቼ፣ በጌታ፣ አንዴ ቁጭ በይ። ሊያልቅ ነው። ሲያልቅ የፈለግሽውን ስደቢኝ።»

አንድ ባጃጅ ነጂ ከወንድሜ ጎን ተነስቶ ቦታውን ለቀቀልኝና ከኋላችን ቆመ። ተቀመጥኩ። ልሰድብ መጥቼ ለምን እንደተቀመጥኩ እንጃ።

ነገሩን ወንድሜ በሹክሹክታ ነገረኝ። አንድ ቲኬት ላይ ብዙ ጨዋታ ይደረደራል፤ ሁሉም እንዳልከው ከሆነ ትበላለህ፣ አንዱ ብቻ ከከዳህ ሁሉም ይቃጠላል። የእሱ ሁሉም ተሳክቶ የቀረው ይህ የአሜሪካ ጨዋታ ነው።

«አንተ ደግሞ ቤዝቦል የት ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«ታዲያ ምን አደረገህ!»

«የአውሮፓ ኳስ እረፍት ላይ ነው። ደግሞ ይሄኛው እኩል ለእኩል መውጣት የለበትም። እኔን ሁልጊዜ የሚያቃጥለኝ እኩል ነው።»

እኩል የማይወጣበት ጨዋታ አለ እንዴ! ሁለቱም ደክሟቸው ተጨባብጠው ወደ ቤታቸው ቢሄዱ ምን አለበት? አይሆንም አሉኝ። አንዱ እስኪሸነፍ ይቀጥላል አሉኝ። ስክሪኑ ላይ ደግሞ ጨለማ ነው፣ የሜዳው መብራት በርቷል። እኛ ቅዳሜ ጠዋት ላይ ነን። «እዚያ ገና ዓርብ ማታ ነው» አለኝ ወንድሜ። የእኔ ቅዳሜ በነሱ ዓርብ ሊወሰን ነው ማለት ነው። እዚህ ላይ ጭንቅላቴ ዞረ።

ጌታ ሆይ፣ ይሸነፍ፣ አልኩ በልቤ። ወዲያው የሴቶቹ ጸሎት ትዝ አለኝ። እነሱ ረቡዕ ጾመው፣ አልቅሰው የለመኑትና እኔ አሁን ቁማር ቤት ቁጭ ብዬ የማንሾካሹከው፣ የትኛው ይሰማል? ርዕሱን ያቀረበችው ራሷ፣ ልትሰርዘው የመጣችውም ራሷ፣ ይች ሴትዮ ምን ነካት አይባልም በሰማይ ቤት? ደግሞስ ማን እንዲሸነፍ ነው የምለምነው? መጀመሪያ እሱን ልወቅ ብዬ ጠየቅኩ።

«የኛ የትኞቹ ናቸው?»

«ነጭ የለበሱት።»

ሜዳውን ብፈልግ ብፈልግ ነጭ የለበሰ ሁለት ሰው ብቻ አገኘሁ። አንዱ ዱላ ይዞ ቆሟል፣ አንዱ ራቅ ብሎ መሬት ላይ የተቀመጠች ትራስ የምትመስል ነገር ረግጧል። የቀረው ሜዳ በግራጫ ለባሾች ተሞልቷል።

«ሌሎቹ የት ሄዱ? በቀይ ወጥተው ነው?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ባጃጅ ነጂው ግን ጨዋ ልጅ ነው፣ ጎንበስ ብሎ «ሌሎቹ ተራ እየጠበቁ ተቀምጠው ነው፣ እማማ» አለኝ። እማማ ማለቱን ለሌላ ቀን አቆየሁለት።

«ኳሱ ግራጫዎቹ እጅ ነው ያለው። እየበለጡን ነው?»

«ኳስ የያዘው ይከላከላል። ኳስ የሌለው ነው የሚያጠቃው።»

«እንዴ! ኳስ ሳይኖረው በምን?»

«በዱላ።»

ወይ ጉድ! እኔ የማውቀው ኳስ ያለው ያጠቃል፣ የሌለው ያሳድዳል። እዚህ ግን ኳስ የያዙት ቆመው ይጠብቃሉ፤ ባዶ እጁን የመጣው ዱላ ይዞ ያስፈራራቸዋል። ወንድሜ መሄድ መቅረቱን የሚያውቀው እንዲህ በተገለባበጠ ነገር ነው? ባጃጅ ነጂው ሳይሰለቸው ቀጠለ። መቺው ሦስት ስህተት ከተቆጠረበት ይወጣል። ሦስት መቺ ከወጣ ተራቸው ያበቃል። የኛዎቹ በአንድ ነጥብ እየተመሩ ነው፤ ይህ የመጨረሻ ተራቸው ነው፤ ሁለት መቺ ወጥቶባቸዋል፤ ዱላ የያዘው ይህ ልጅ የመጨረሻው ነው። እሱ ከወጣ ጨዋታውም አለቀ፣ ቲኬቱም ተቃጠለ።

ግራጫው ወረወረ፣ ነጩ መታ። ኳሱ ወደ ጎን ተስፈንጥሮ ተመልካች መሃል ገባ።

«አገባ?» አልኩ ደንግጬ።

«የለም፣ ወደ ውጪ አወጣው። ስህተት ነው፣ ይቆጠርበታል።»

እፎይ! ይህችኛዋ ገባችኝ። ገሱባ ልጆች ሆነን ወንዶቹ የጨርቅ ኳስ ሲጫወቱ፣ አጥር አልፎ የሰው ጓሮ ውስጥ ሥሩ የሚበላ ቦዬ መሃል የከተተ ልጅ አበቃለት፤ ጨዋታው ይቆማል፣ እሱ ይሰደባል። ዓለም አንድ ነው ለካ አልኩ። ግራጫው ደግሞ ወረወረ፣ ነጩ ደግሞ መታ፣ ኳሱ እንደገና ሕዝብ ላይ ወደቀ።

«ሁለት» አለ ባጃጅ ነጂው። «አንድ ቀረው።»

ስሌቱ ቁልጭ አለልኝ። ያ ዱላ የያዘ ልጅ አንዴ ብቻ ደግሞ ወደ ውጪ ካወጣው፣ ወንድሜ ቀረልኝ። ወንድሜ ሳያየኝ እጁን ሰዶ የእጄን አንጓ ያዘ። ልጅ ሆኖ ወባ ሲይዘው እንዲህ ነበር የሚይዘኝ። ያን ጊዜ ሁሉ ነገር ተደበላለቀብኝ። ይሄን እጅ ይዤ እንዴት ይሸነፍ እላለሁ? ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ ሳይቀናው? ያሸንፍ ልበል? ካሸነፈ ሄደ። አሸንፎ መቅረት የሚባል ነገር የለም እንዴ? ለማን ብዬ እንደምጸልይ ጠፋኝ፤ ከንፈሬ ብቻ ይንቀሳቀሳል።

ግራጫው ወረወረ። ነጩ ሙሉ ሰውነቱን ይዞ ዞረና መታው። ኳሱ ወደ ላይ፣ ወደ ላይ፣ በጨለማው ውስጥ ወጣ። አንድ ግራጫ እያየው ሮጠ፣ ሮጠ፣ አጥሩ ጋ ሲደርስ ቆመ። ኳሱ አጥሩን አልፎ ሕዝቡ መሃል ገባ።

ወጣ! ወደ ውጪ ወጣ! ሦስት!

እልልታው ከየት እንደመጣ አላውቅም። ሠርግ ላይ እንኳ እንዲህ ብዬ አላውቅም። በዚያ ሁሉ ወንድ መሃል ከሁሉም ቀድሜ፣ መቀሴን ከፍ አድርጌ «እልልልል!» አልኩ። ከእኔ በኋላ ነው ቤቱ የተናወጠው። ወንበር ወደቀ። ባጃጅ ነጂው አናቱን ይዞ ይጮሃል። ያልታደሉ፣ ለወንድሜ አዝነው ነው ብዬ አሰብኩ። ወንድሜም አቅፎኝ እያለቀሰ ነው፤ አይዞህ፣ አይዞህ እያልኩ ጀርባውን እደባብሳለሁ።

ከዚያ ከመሬት አነሳኝ። የተቃጠለበት ሰው እህቱን ከመሬት አያነሳም።

«ታ ሚቼ! መረቅሽኝ! ሁሉም ሳይገባው አንቺ ቀድመሽ አወቅሽ! ስለ መንገዱ ሐጂ ነግረውሻል አይደል? እየፈራሁ ነበር'ኮ፣ ሳትመርቂኝ አልሄድም ብዬ ነበር'ኮ!»

«ቆይ» አልኩ። «ወደ ውጪ አይደለም እንዴ የወጣው?»

«በፊት ለፊት ሲወጣማ ትልቁ ነጥብ ነው! መቺውም ያ ትራሷን የረገጠውም ሁለቱም ይቆጠራሉ፣ አሸነፍን!» አለ ባጃጅ ነጂው። «በጎን ሲሆን ነው ስህተት!»

በጎንና በፊት ለፊት! ይህን ቀድሞ ቢነግረኝ ምን ነበረበት? ስክሪኑ ላይ ነጭ ለባሾቹ ከየተቀመጡበት ወጥተው የመታውን ልጅ ይዘልሉበታል። ወንድሜ እጄን ይዞ በሙሉ ዓይኑ እያየኝ ነው። ዝም ብል ይሻል ነበር፤ ብዙ ሰው እንደዚያ ነው የሚለኝ። እኔ ግን ውስጤ ያለ ነገር አፌ ላይ ነው።

«እልል ያልኩት የተቃጠለብህ መስሎኝ ነው» አልኩት።

ወንድሜ እጄን ቀስ ብሎ ለቀቀው።

«ስለተቃጠልኩ ነው እልል ያልሽው?»

«ስለምትቀርልኝ ነው!» ብዬ ጮህኩበት። ማልቀስ ስጀምር መጮኼን አላቆምኩም። «ስለምትቀርልኝ ነው፣ አንተ ደንቆሮ! አትሂድ! እዚያ ማን አለህ? ቁልፍ ብትተክል ምን ትሆናለህ?»

ወደ ስክሪኑ ዞረ። ከዚያ በማይሰማ ድምፅ «እስከ መቼ?» አለኝ። መቀሴን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ቤቴን ልከፍት ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ ስለዚያ ጠዋት አላወራንም። እሱ ቀን ቀን ይወጣል፣ እኔ እሰፋለሁ። አንድ ማለዳ ሱሪውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦልኝ አገኘሁ። አልጠየቅኩትም። ወገቡ ላይ በውስጥ በኩል ከውጭ የማይታይ የገንዘብ ኪስ ሰፋሁለት፣ እንዳይበጠስ ሁለት ጊዜ ደገምኩት። ረቡዕ ሴቶቹ «ርዕሱስ?» ሲሉኝ «ተመለሰ» አልኩ። አጨበጨቡ፣ ጌታን አመሰገኑ፤ አብሬያቸው አጨበጨብኩ። መልሱ የእነሱ ጸሎት ይሁን የእኔ እልልታ፣ ወይስ የዚያ ዱላ የያዘ የማላውቀው ልጅ፣ እግዚአብሔር ይወቀው።

ሐሙስ በማለዳ፣ የሐዋሳው መኪና በር ላይ፣ ዝናብ እያካፋ ነው። አንድ እግሩን ደረጃው ላይ አድርጎ ዞረ። ረዳቱ «ግባ፣ ግባ» እያለ ይጨቀጭቀዋል።

«ታ ሚቼ፣ ያ እልልታ የእኔ አይደለም አልሽኝ። አሁን ለእኔ አንድ በይልኝ።»

«ተው አንተ ልጅ፣ ሰው መሃል!»

አልገባም። ረዳቱ ትከሻውን ገፋው፣ አልገባም። እንደ ሕፃን አፌን እያየ ይጠብቃል። እኔም እልል አልኩ። መጀመሪያ ቀጭን ነበር፣ እየቆየ ወፈረ፣ ከዚያ ማቆም አቃተኝ። እኛ ጋ ደግሞ እልልታ ብቻውን አይተውም፤ ሙዝ ሻጮቹ፣ ዳቦ ሻጮቹ፣ ተሳፋሪ ሴቶቹ ምን እንደሆነ ሳይጠይቁ ከያሉበት ተቀበሉኝ። መናኸሪያው በሙሉ እልል አለ። ወንድሜ ገባ። ፊቱን በመስኮቱ ሳየው መስታወቱ በጉም ደብዝዞ ይሳቅ ያልቅስ አልለይ አለኝ። መኪናው ወጣ።

ከሁሉም በላይ አድምቃ እልል ያለችው ሙዝ ሻጯ ነበረች። ዘንቢሏን አስቀምጣ መጣችና ጉንጬን ሳመችኝ።

«እንኳን ደስ አለሽ እህቴ! ምን ተገኘ?»

«ወንድሜ ሄደ» አልኳት።